ለጭንቀትና ለኦሲዲ ሰፕሊመንት ልሞክር ካላችሁ፦ ከደም ምርመራው እስከ ማቆሚያው ቀን

ጭንቀት ያለበት ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ስልኩን ያነሳል። ስልኩ ደግሞ መልስ አያጣም። ማግኒዥየም፣ አሽዋጋንዳ፣ ኦሜጋ 3፣ ኢኖሲቶል። አንዱ «ሕይወቴን ቀየረልኝ» ይላል፣ ሌላው በቅናሽ ይሸጣል። ውጭ አገር ዘመድ ካለ ጠርሙሱ በሻንጣ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ አራት አምስት ዓይነት እንክብል ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው ሆድ እንዳወከ፣ የትኛው ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት ጋር እንደተጋጨ ግን የሚያውቅ የለም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ልሞክር ብሎ ለቆረጠ ሰው ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለጭንቀት መጠነኛ ተስፋ የሚሰጡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ለኦሲዲ ያለው ማስረጃ ግን ቀጭን ነው። ዋናውን ሕክምና የሚተካ ሰፕሊመንት የለም። ስለዚህ የሚሞከረው ከሕክምናው ጎን፣ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያውና ማብቂያው በታወቀ ቀን ነው።

ኦሲዲ የምለው ያልፈለጉት ሐሳብ እየተመላለሰ ሲያስጨንቅ፣ ያንን ጭንቀት ለማስታገስ አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ ግድ ሲሆን ነው። እጅን እስኪላጥ መታጠብ። በሩ መቆለፉን ለማየት ከመንገድ መመለስ። «በትክክል አልጸለይኩም» ብሎ ጸሎቱን ከሀ መጀመር። ውዱእን ደጋግሞ ማድረግ። ለንስሐ አባት ያንኑ ኃጢአት በየሳምንቱ መናገር። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። የባሕርይ ድክመትም አይደለም። የሚታከም ሕመም ነው።

እርምጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ደም አስመርምሩ

ልብ የሚያስመታ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥና እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ሁሉ የጭንቀት ሕመም አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልክ እንደዚያ ያደርጋል። እንቅርት በቤተሰባችሁ ካለ ይህን መጀመሪያ አጣሩ። ደም ማነስም ልብን ያስመታል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ሰውዬውም «ልሞት ነው» ብሎ ይደነግጣል።

ሐኪማችሁን የሚከተሉትን ጠይቁ፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን (የብረት ክምችት)፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ)፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ የደም ስኳር፣ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለደኅንነት ናቸው። ማግኒዥየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። አንዳንድ ዕፅዋት ደግሞ ጉበትን ይጎዳሉ።

ስለ ቢ12 ትንሽ ልቆይ፣ እኛን በቀጥታ ይመለከታልና። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከአብዛኞቹ ይርቃል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ቢ12 ስለሚያከማች አንድ ዐቢይ ጾም ብቻውን እጥረት አያመጣም። ነገር ግን በፍስኩም ሥጋና ወተት እምብዛም ካልቀመሱ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ፣ ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን ላይ ከሆኑ ክምችቱ ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ ድካም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳት ችግርና የስሜት መረበሽ ይመጣል።

ቫይታሚን ዲም እንዲሁ ነው። ጥቁር ቆዳ ይህን ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ስቶክሆልም ወይም ሚኒያፖሊስ ክረምቱን የሚያሳልፍ ሰው ያን ፀሐይ አያገኝም። ዱባይ ወይም ሪያድ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚሠራም አያገኝም።

እጥረት ከተገኘ መሙላቱ ሙከራ ሳይሆን ሕክምና ነው። መጠኑን ሐኪም ይወስናል። ሁሉም ነገር ልክ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ቢ12 ወይም ብረት መዋጥ ጭንቀትን አይቀንስም። ብረት ያለ እጥረት ከተወሰደ ጉዳትም አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የታይሮይድ ምርመራን ውጤት ሊያዛባ ይችላል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን በፊት አቁሙት፤ መውሰዳችሁንም ለላብራቶሪው ንገሩ።

እርምጃ 2፦ ዋናው ሕክምና መሥመር መያዙን አረጋግጡ

ለኦሲዲ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያላቸው ሕክምናዎች ሁለት ናቸው። አንዱ የንግግር ሕክምና ነው። ታካሚው ከሚፈራው ነገር ጋር በጥቂት በጥቂቱ ይጋፈጣል፤ የለመደውን ማስታገሻ ድርጊት ግን አይፈጽምም። የበሩን እጀታ ይነካል፣ እጁን ሳይታጠብ ይቆያል፣ ጭንቀቱ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ያያል። ሌላው መድኃኒት ነው፤ ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ፍሉቮክሳሚን፣ ወይም ቆየት ያለው ክሎሚፕራሚን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር አለ። ለኦሲዲ የሚያስፈልገው የመድኃኒት መጠን ብዙ ጊዜ ለድባቴ ከሚሰጠው ከፍ ያለ ነው። ውጤቱን ለማየትም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መተው ያሳዝናል፤ ገና አልተሞከረምና። ወደ ሰፕሊመንት ከመዞራችሁ በፊት ሐኪሙን «መጠኑ በቂ ነው? ጊዜውስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤልና የካ ኮተቤ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። በሌሎች ብዙ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች አሉ። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ። ይህን ለንስሐ አባታችሁም ለሐኪማችሁም በግልጽ ንገሩ። እነዚህን መድኃኒቶች በድንገት ማቆም ማዞር፣ መነጫነጭና የጭንቀት ማገርሸት ያመጣል። ስለዚህ ሰፕሊመንት ጀመርኩ ተብሎ መድኃኒት አይቆምም።

እርምጃ 3፦ የምትወስዱትን በሙሉ ጽፋችሁ ፋርማሲስት ዘንድ ሂዱ

በሙሉ ስል በሙሉ ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ የግፊት፣ የስኳር፣ የቲቢ፣ የኤችአይቪ፣ የአስም። ማስታገሻውም፣ የሀበሻ መድኃኒቱም። ለመናገር የሚከብድ መድኃኒት ካለ ለብቻ ልናናግርዎ ብላችሁ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ ላስረዳ። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ዕፅ አለ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል። በዚህ የተነሳ የወሊድ መቆጣጠሪያው ሳይሠራ ቀርቶ እርግዝና ሊመጣ ይችላል። የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ሊደክም ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ ሊወርድ ይችላል፤ ዶሉቴግራቪርም ከእነዚህ አንዱ ነው። ከፍሉኦክሰቲን ወይም ከሰርትራሊን ጋር ሲወሰድ ደግሞ ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ከልክ ያልፋል። ለኦሲዲ ያለው ጥቅም? በ2005 በ60 ሰዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተሞክሮ ከማስመሰያው (መድኃኒት ከሌለበት) እንክብል የተለየ ውጤት አላሳየም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አደጋው ትልቅ፣ ጥቅሙ ያልታየ። እኔ ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ።

ፋይቭ ኤችቲፒ፣ ትሪፕቶፋንና ሳሚ የሚባሉትም ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ተመሳሳይ የሴሮቶኒን አደጋ አላቸው። መድኃኒት ላይ ያላችሁ ሰዎች ያለ ሐኪም ፈቃድ አትንኳቸው።

ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ብረትና ዚንክ ሌላ ጠባይ አላቸው። ሆድ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር ተያይዘው እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ማግኒዥየም ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከዋጠ 6 ሰዓት በኋላ መድኃኒቱን መውሰድ አለበት። የታይሮይድ እንክብል 4 ሰዓት መራቅ ይፈልጋል። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲንም ርቀት ይፈልጋሉ፤ ሰዓቱን ፋርማሲስቱ ይንገራችሁ።

እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ካለ፣ የሚጥል በሽታ ካለ፣ ባይፖላር (ስሜት ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ተብላችሁ ከሆነ፣ ቀዶ ጥገና ከተቃረበ ወይም ታካሚው ልጅ ከሆነ በራሳችሁ ምንም አትጀምሩ።

እርምጃ 4፦ አንድ ብቻ ምረጡ

ከሁሉ በፊት ገንዘብ የማይጠይቀውን ሙከራ ላንሳ። ቡና። በቀን ሦስት ጊዜ ተፈልቶ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም የሚጠጣ ከሆነ ካፌይኑ ብቻ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይቀንሳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን አያሰጋም ይላል። ጭንቀት ያለበት ሰው ግን በትንሹም ሊረበሽ ይችላል። ራስ ምታት እንዳይዛችሁ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሱና ለሁለት ሳምንት እዩት። ጫት ደግሞ ከቡና የበረታ አነቃቂ ነው። እየቃሙ የጭንቀት ሰፕሊመንት መሞከር ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ።

*ኤን-አሴቲልሲስቴይን (ኤንኤሲ)።* ለኦሲዲ በብዛት ከተጠኑት አንዱ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ከመጠን በላይ ፓራሲታሞል ለወሰደ ሰው ማርከሻ ነው፤ በአውሮፓ ፋርማሲዎች አክታ ለማቅጠን ይሸጣል። በአእምሮ ውስጥ ግሉታሜት የሚባለውን መልእክተኛ ያረጋጋል የሚል ግምት ስላለ ለኦሲዲ ተሞከረ። ውጤቱ የተለያየ ነው። አንዳንድ ጥናት ከመድኃኒት ጋር ሲሰጥ ረድቷል ይላል፣ ሌላው ልዩነት አላየሁም ይላል። ፀጉርን በመንቀል ሕመም ላይ በ2009 የወጣው ጥናት ግን ጥሩ ውጤት አሳይቷል። የተለመደው የጥናት መጠን በቀን ከ2,400 እስከ 3,000 ሚሊ ግራም፣ ለ12 ሳምንት ገደማ ነው። ማቅለሽለሽና የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ አለው። አስም ያለበት ሰው፣ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ የልብ ታካሚ፣ የደም ማቅጠኛ ላይ ያለ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ጨው (ሶዲየም) ስላለው ግፊት ያለበት ይጠንቀቅ።

*ኢኖሲቶል።* የስኳር ጣዕም ያለው ነጭ ዱቄት ነው። ታሪኩ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ከሚኖሩባት የእስራኤል ከተማ ከቤርሼባ ይጀምራል። እዚያ ያሉ ሐኪሞች በ1995 በቀን 12 ግራም ለድንገተኛ የፍርሃት ሕመም ሞከሩት። በ1996 ደግሞ 13 የኦሲዲ ታካሚዎችን በቀን 18 ግራም ለ6 ሳምንት ሰጡ። ከማስመሰያው ጋር ሲነጻጸር ምልክቱ ቀነሰ። 13 ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ኋላ ላይ መድኃኒት ለሚወስዱ ታካሚዎች በላዩ ሲጨመር ጥቅም አልታየም። ስለዚህ ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን ላይ ላለ ሰው ብዙም አልመክረውም። መጠኑንም አስቡት። 18 ግራም በ500 ሚሊ ግራም ካፕሱል ቢወሰድ በቀን 36 ካፕሱል ነው! መውሰድ የሚቻለው በዱቄት ብቻ ነው። 500 ግራም ዕቃ 28 ቀን እንኳ አይሞላም። ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ያመጣል። ባይፖላር ያለበት ሰው መራቅ አለበት።

*ኦሜጋ 3።* ለጭንቀት እንጂ ለኦሲዲ አይደለም። በ2018 የወጣ፣ 19 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ የጭንቀት ምልክት መቀነሱን አሳይቷል፤ በተለይ መጠኑ በቀን 2 ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን። ችግሩ ጠርሙሱ ላይ ነው። «1,000 ሚሊ ግራም የዓሣ ዘይት» የተባለ ተራ ካፕሱል ውስጥ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት ዋናዎቹ ብዙ ጊዜ ተደምረው 300 ሚሊ ግራም ገደማ ናቸው። 2 ግራም ለመድረስ ስድስት ሰባት ካፕሱል ሊያስፈልግ ነው። በጾም ከዓሣ ለሚርቅ ከባሕር አልጌ የተሠራ አለ። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ሌላ ዓይነት ነው። ሰውነት ወደ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። የልብ ምት መዛባት ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው በከፍተኛ መጠን አይጀምር።

*ማግኒዥየም።* ስለ ጭንቀት የተደረጉት ጥናቶች ተስፋ ይሰጣሉ፣ ጥራታቸው ግን ዝቅተኛ ነው። ኦክሳይድ የሚባለው ርካሹ ዓይነት በደንብ አይመጠጥም፤ ሲትሬት ወይም ግላይሲኔት ይሻላል። ከሰፕሊመንት የሚገኘው በቀን በአሜሪካ ከ350፣ በአውሮፓ ከ250 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ሲበዛ ተቅማጥ ያመጣል። ኩላሊቱ ለታመመ ሰው አደገኛ ነው። ጤፍ፣ ምስር፣ ባቄላና የዱባ ፍሬ ጥሩ ማግኒዥየም አላቸው፣ ስለዚህ በየቀኑ እንጀራና ሽሮ የሚበላ ሰው ከባዶ አይነሳም።

*ቫይታሚን ቢ6።* በ2022 የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች በቀን 100 ሚሊ ግራም ለአንድ ወር ያህል ወስደው ጭንቀታቸው በመጠኑ እንደቀነሰ ተናግረዋል። ይህ መጠን ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል። የአውሮፓው ባለሥልጣን በ2023 የቀን ጣሪያውን 12 ሚሊ ግራም አድርጎታል። እኔ ብሆን አልመርጠውም።

ካሞሚል በተለይ በካፕሱል መልክ ለጭንቀት ተጠንቶ መጠነኛ ጥቅም አሳይቷል፤ ዋርፋሪን የሚወስድ ግን ይተወው። በሻይ ውስጥ የሚገኘው ኤል-ቲያኒን ጉዳቱ ቀላል፣ ማስረጃውም ቀላል ነው። አሽዋጋንዳ ላይ ጠበቅ እላለሁ። ጭንቀት ይቀንሳል የሚሉ ትናንሽ ጥናቶች አሉት። ነገር ግን ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች ተመዝግበዋል፣ የታይሮይድን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፣ ዴንማርክም በ2023 ከልክላዋለች። ካቫ ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ገና በ2002 ስለ ጉበት ጉዳት አስጠንቅቋል። ሁለቱንም ተዉአቸው።

ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ፦ ለኦሲዲ፣ መድኃኒት እየወሰደ ሙሉ መሻል ላላገኘ ሰው፣ ሐኪሙ ከተስማማ ኤንኤሲ። ለጠቅላላ ጭንቀት ኦሜጋ 3።

እርምጃ 5፦ ጠርሙሱን እንደ ውል አንብቡ

በአሜሪካ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት የሰፕሊመንት አምራች ምርቱ እንደሚሠራ ከመሸጡ በፊት ለመንግሥት እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ስለዚህ «ከአሜሪካ የመጣ ነው» የሚለው ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ1989 ከአንድ አምራች የወጣ የተበከለ ትሪፕቶፋን ከ1,500 በላይ ሰዎችን አሳምሟል፤ ከ30 በላይ ሰዎችም ሞተዋል።

ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ የሚል ማኅተም ፈልጉ። ገለልተኛ ድርጅት ይዘቱን መርምሯል ማለት ነው። አገር ቤት የምትገዙ ከሆነ ከታወቀ ፋርማሲ ግዙ፣ ደረሰኝ ያዙ። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ስሙ የተፋቀ፣ ወደ ሌላ ዕቃ የተገለበጠ ነገር አትውሰዱ።

የተጻፈው መጠን የአንድ ካፕሱል ነው ወይስ የሁለት ወይም የሦስት? ይህ ብዙ ሰው ያሳስታል። የማብቂያ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ አሜሪካውያን ወሩን ያስቀድማሉ፣ አውሮፓውያን ቀኑን። ለሙሉ ሙከራው የሚበቃም አስሉ። ኤንኤሲ በቀን አራት ባለ 600 ሚሊ ግራም ካፕሱል ለ84 ቀን 336 ካፕሱል ነው። 60 ፍሬ ያለው ጠርሙስ 15 ቀን ብቻ ያስኬዳል። ስድስት ጠርሙስ መግዛት ካልቻላችሁ አትጀምሩ፤ ግማሽ ሙከራ መልስ አይሰጥም።

የካፕሱሉ ቅርፊት ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ ወይም ከከብት ይወጣል። ለጿሚውም ለሙስሊሙም ጥያቄ ይሆናል። በተለይ ሕመሙ በሃይማኖት ጉዳይ ለሚመጣበት ሰው ይህ የወራት ሥቃይ ሊሆን ይችላል። ከዕፅ የተሠራ ካፕሱል ወይም ዱቄት ምረጡና ጉዳዩን ከመግዛታችሁ በፊት ዝጉት።

እርምጃ 6፦ ከመጀመራችሁ በፊት መነሻውን ለኩ

ጭንቀት በራሱ ይወጣል ይወርዳል። ሰው ሰፕሊመንት የሚጀምረው በባሰበት ሰሞን ስለሆነ ቀጣዩ ሳምንት ባይወስድም ሊሻለው ይችል ነበር። ለዚህ ነው ቁጥር የሚያስፈልገው።

ለጭንቀት ጋድ-7 የሚባል ሰባት ጥያቄ ያለው መለኪያ አለ። ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ መካከለኛ፣ 15 እና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ለኦሲዲ ዬል-ብራውን የሚባለው አሥር ጥያቄ አለው፣ ከ0 እስከ 40። ባለሙያ ቢሞላው ይመረጣል። ሁለት ሳምንት ምንም አዲስ ነገር ሳትጀምሩ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ለኩ። መነሻችሁ ያ ነው።

የመወሰኛውን ቁጥርም አሁኑኑ ጻፉ። በኦሲዲ ጥናቶች «ተሻለው» የሚባለው ነጥቡ በ35 በመቶ ሲቀንስ ነው። በ24 የጀመረ ሰው ወደ 15 መውረድ አለበት ማለት ነው። ለጭንቀት ቢያንስ 4 ወይም 5 ነጥብ መቀነስ ካልታየ እንደ ለውጥ አትቁጠሩት።

እርምጃ 7፦ ጀምሩ፣ ሌላውን አትነካኩ

በዝቅተኛ መጠን ጀምሩ። ኤንኤሲ ከሆነ ለመጀመሪያው ሳምንት ጠዋትና ማታ 600፣ ከዚያ ሐኪሙ እንዳለው ከፍ አድርጉ። ኢኖሲቶል ከሆነ በ2 ግራም ጀምራችሁ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ አሳድጉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ። ኦሜጋ 3 ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ።

በሙከራው ጊዜ ቡናውም፣ እንቅልፉም፣ የመድኃኒቱም መጠን ባለበት ይቆይ። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሊገባ ሲል አትጀምሩ። የመብሉ ሰዓት፣ እንቅልፉ፣ ሁሉም ስለሚለወጥ ውጤቱ ይደበላለቃል።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሰውነት ካሳከከ አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትኩሳት፣ ከባድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ተቅማጥና መቅበጥበጥ አንድ ላይ ከመጡ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ራስን የመግደል ሐሳብ ከመጣ ለብቻችሁ አትቀመጡ፤ አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አሜሪካ 988፣ እስራኤል ኤራን 1201፣ አውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ነው።

እርምጃ 8፦ ሙከራው ራሱ ግዴታ እንዳይሆንባችሁ አጥር ሥሩ

ይህ ክፍል ኦሲዲ ላለበት ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ሕመሙ እርግጠኝነትን ይፈልጋል። ሰፕሊመንት ደግሞ ማለቂያ የሌለው ጥያቄ ያቀርብለታል። ጠዋት ልውሰድ ወይስ ማታ? የዋጥኩት ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ይህ ኩባንያ ንጹሕ ነው? ጉበቴ እየተጎዳ ይሆን? እናም ሰውዬው እጅ መታጠቡን ቀንሶ ጠርሙስ መፈተሽ ይጀምራል። ቁጥሩ ቢወርድ እንኳ ሕመሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ስለዚህ ሕጎቹን ከወዲሁ ጽፋችሁ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ስጡ። ካፕሱሉን እሑድ ማታ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ በቀን በተከፋፈለ ሣጥን ሙሉ፤ ሣጥኑ ባዶ ከሆነ ወስዳችኋል ማለት ነው። አንድ ቀን ብትረሱ እለፉት፣ ለማካካስ አትደርቡ። ነጥብ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይሞላል። ስለ ሰፕሊመንቱ ማንበብ ሙከራው ሲጀመር ይቆማል። አዲስ ጥያቄ ከመጣ ወረቀት ላይ ይጻፍና እስከ ቀጠሮው ይጠብቅ።

«ዛሬ የተሻልኩ ይመስልሻል?» እያሉ ቤተሰብን ደጋግሞ መጠየቅም የዚሁ ሕመም መልክ ነው። እናት፣ እህት ወይም ባለቤት ከሆናችሁ በፍቅር አንድ ጊዜ እንዲህ በሉት፦ «ይህን እሑድ በወረቀቱ እናየዋለን።» ከዚያ ደጋግማችሁ አትመልሱ። መጀመሪያ ይከብዳል፣ ይቆጣም ይሆናል፤ እናንተም ትጨነቃላችሁ። ነገር ግን በየሰዓቱ ማረጋጋት ለጊዜው እንጂ ለነገ አይረዳውም።

ካፕሱሉን ካልወሰድኩ ክፉ ነገር ይደርሳል የሚል ሐሳብ ከመጣ ሙከራውን አቁሙና ለሐኪማችሁ ንገሩ።

እርምጃ 9፦ በቀኑ ወስኑ

ለኤንኤሲ 12 ሳምንት፣ ለኦሜጋ 3 ከ8 እስከ 12 ሳምንት፣ ለኢኖሲቶል 6 ሳምንት፣ ለማግኒዥየም 6 ሳምንት ገደማ በቂ ነው። ቀኑ ሲደርስ ወረቀቱን አውጡ። የጻፋችሁት ቁጥር ካልተደረሰ አቁሙ። «ትንሽ ልጨምርበት» አትበሉ። ወደ ሌላ መሄድ ከፈለጋችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ስጡና ከእርምጃ 6 ጀምሩ።

ከተሻላችሁ ደስ ይላል። ግን አንድ ፈተና ይቀራል። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሕይወት ረጋ ባለበት ሰሞን፣ ከሐኪማችሁ ጋር ተመካክራችሁ ለአራት ሳምንት አቋርጡና ነጥቡን ተመልከቱ። ከጨመረ ሰፕሊመንቱ እየሠራ ሊሆን ይችላል፣ ይቀጥል። ባለበት ከቆየ ገንዘባችሁን ለንግግር ሕክምናው ክፍያ አውሉት።

የሁለቱንም ውጤት ወረቀት ከባዶው ጠርሙስ ጋር ለቀጠሮው ይዛችሁ ሂዱ። የተረፈውን ካፕሱል ግን ለጎረቤት ወይም ለአክስት አትስጡ። እሷ ዋርፋሪን ትውሰድ፣ ኩላሊቷ ይድከም፣ የማትናገረው ሌላ መድኃኒት ይኑራት አታውቁም። ከጠየቀቻችሁ እርምጃ 1ን አሳዩአት፣ ወደ ምርመራውም አብራችኋት ሂዱ።